ዘጠነኛዋ መጋጠሚያ

ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ ገላን ኮንዶሚኒየም ድረስ መዳብ በመበየድ የሚደርስብኝ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ደብተሬን ጥዬ ስወጣ «አሁን ይቺ ምን ልትሆን ነው?» ያላችሁ ሁሉ መጥታችሁ እጄን እዩ። የጋሽ ወልደሰንበትን ገዳይ ያስያዘው እንኳ የኔው ብየዳ ነው። እንዴት እንዳስያዘው... ቆይ፣ እሱን በኋላ። መጀመሪያ ሬሳው።

ጋሽ ወልደሰንበት የሞቱት ባቡሩ ቃሊቲ መመላለስ ከጀመረ ዓመት ሳይሞላው፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ነው። ወርክሾፓቸው ወደ ማረሚያ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጠያቂ ስንቅ ከሚገዛባቸው ሱቆች ጀርባ ነው። ከመዳብ ቱቦ የጠረጴዛ መብራት፣ የኮት መስቀያ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ እንሠራለን፤ ቦሌ ያሉ ካፌዎች እየመጡ ይወስዱታል። ሠራተኞቹ ሁለት ነን። አንዱ አሥራ አምስት ዓመት የሠራው ቀናው ነው። ሌላዋ እኔ ነኝ፣ ዮዲ። ከገባሁ ገና አሥራ አንድ ወር ቢሆነኝም ሥራው ገብቶኛል።

ጋሽ ወልደሰንበት ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ቀኝ እጃቸው በሎሚና በጨው የራሰ ጨርቅ እንደጨበጠ ቀርቷል። አጠገባቸው አንድ የመዳብ መብራት ወድቋል። ጩኸት ሰምቶ ከጎረቤት ሱቁ እየሮጠ የመጣው ሙህዲን መጀመሪያ ሶኬቱን ባይነቅል ኖሮ እሱም አብሯቸው ይሄድ ነበር።

መብራቱ የኔ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዬን የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራዬ።

ሰፈሩ ለመፍረድ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። «ያቺ ምላሳም ልጅ ገደለቻቸው!» ተባለ። ስንቅ ልትገዛ የመጣች፣ ስሜን እንኳ የማታውቅ ሴትዮ ሳትቀር ጣቷን ቀሰረችብኝ። ደሜ ፈላ። ሳጅን ሮሪሳ የሚባል ፖሊስ ደግሞ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል።

«መብራቱን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ! ምን ይጠበስ?»

«ሽቦው ውስጡ እያለ በእሳት በይደሻል። የሽቦው ፕላስቲክ ቀለጠ፣ ኤሌክትሪኩ ቱቦው ላይ ወጣ። አለቀ።»

«ሽቦ የሚገባው ተበይዶ ካለቀ በኋላ ነው! ይህን የማያውቅ በያጅ የለም! አንተ ስለ ብየዳ ምን ታውቃለህና ነው?»

«ለመርማሪ ትነግሪያለሽ» አለና ካቴናውን ከወገቡ ፈታ።

በዚያች ሰዓት በተከፈተው በር የማረሚያ ቤቱ ማማ ይታየኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ቀርቦኝ አያውቅም።

ኢንስፔክተር ሐጀራ የደረሰችው ያኔ ነው። ቀጭን ናት፣ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። የቃሊቲን ጭቃ ስለምታውቀው በላስቲክ ጫማ መጥታ፣ በሩ ላይ አውልቃ፣ ከፌስታል ንጹሕ ጫማ አውጥታ አደረገች። ከዚያ የሮሪሳን ደብተር ተቀብላ አነበበች።

«በቸልተኝነት ሰው መግደል። ሬሳው ሳይነሳ ጻፍከው?»

«ልጅቷ ራሷ አምናለች፣ ኢንስፔክተር።»

«መብራቱን ሠራሁ አለች እንጂ ሰው ገደልኩ አለች? ሰርዘው። ካቴናውንም መልስ፤ ልጅ ናት።»

ሮሪሳ ጆሮው ቀላ። ሐጀራ ጠረጴዛው አጠገብ በርከክ ብላ መብራቱን አገላብጣ አየችው። ዘጠኝ ቦታ ላይ ቱቦ ከቱቦ፣ ቱቦ ጎሚቶ ከምንለው የክርን ማገናኛ ይጋጠማል። በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ እየዳሰሰች ቆጠረች። ስምንቱን ቶሎ ቶሎ አለፈቻቸው። ዘጠነኛዋ ላይ፣ ከአምፖሉ ሥር ባለችው ክርን ላይ፣ ጣቷ ቆመ።

«ይህቺን ማን በየዳት?»

«እኔ። ሁሉንም እኔ።»

እውነቱን ልንገራችሁ? ያቺ መጋጠሚያ ዙሪያዋን እንደ ፀጉር የቀጠነች የብር ቀለበት ያሰረች ትመስላለች። ጠዋት እንዲህ ታምር ነበር እንዴ ብዬ በልቤ ጠይቄ ነበር። ግን ደስ የሚል ሥራ እጄ ላይ ሲገኝ የኔ አይደለም ልበል? አልልም።

ሐጀራ ሽቦውን ከቱቦው ስባ አወጣችው። ከዘጠነኛዋ መጋጠሚያ ትይዩ የጥፍር ያህል ርዝመት ተራቁቷል። ጫፉ ግን የቀለጠ አይመስልም። ዙሪያውን እኩል ተቆርጧል።

«እሳት እንዲህ አስተካክሎ አይቆርጥም፣ ሮሪሳ» አለች። «ይህ ቢላ ነው። የተገደለ ሰው ነው ያለን።»

ከዚህ በኋላ ያለውን አንዳንዱን እኔ አልነበርኩበትም። ከየት አወቅሽ ካላችሁኝ፣ የሮሪሳ አፍ አያርፍም።

ረቡዕ ዕለት መጀመሪያ የጠየቀችው ባለቤታቸውን እትዬ ዲንቄን ነው። እትዬ ዲንቄ አላለቀሱም፤ ተቆጥተዋል።

«ማክሰኞ የት ዋላችሁ?»

«የዕድራችን ዳኛ አርፈው ቀብር ላይ ነበርን። አራት ተኩል ላይ አብረን ወጣን፣ ዘጠኝ ሰዓት አብረን ተመለስን። እኔ ልብስ ልቀይር ቤት ገባሁ፣ እሱ ወደ ሥራው ሄደ። በቃ።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር ይባላል።»

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ። ልክ ስንመለስ መጣ።»

«መብራት እንደመጣ ባለቤትዎ ምን አደረጉ ብለው ያስባሉ?»

«ምን ማሰብ ያስፈልጋል? ልማዱ ነው። አዲስ የተሠራውን ይሰካል፣ ያበራል፣ በሎሚና በጨው ይወለውለዋል። ጉድለቱ የሚታየው በራሱ ብርሃን ነው ይላል። ሺ ጊዜ ተው ብዬዋለሁ፤ እርጥብ እጅ!»

«ይህን ልማድ ማን ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ?»

«ከማን ጋር ተጣልተው ነበር?»

እትዬ ዲንቄ ወደ ውጭ አዩ። «ከዮዲ ጋር ሰኞ ዕለት። ደንበኛ ፊት ብየዳዋን ‹ይህ ንፍጥ ነው› አላት፤ እሷም ‹እሳት ይብላዎት› ብላ ጮኸች። ከቀናው ጋርም ከሁለት ሳምንት በፊት። ቴሌቪዥን መጥቶ ሲቀርጸው፣ ሁሉንም በእጄ ነው የሠራሁት አለ። ቀናው ከኋላው ቆሞ ነበር። ማታውን ስሙ ታፔላው ላይ እንዲጻፍለት ጠየቀ። ባሌ ሳቀበት። ‹አንተ እጅ ነህ፣ ስሙ እኔ ነኝ› አለው።»

ሁለተኛው ሙህዲን ነው። ባንኮኒውን እየወለወለ መለሰ።

«ዮዲ ማክሰኞ ጠዋት መብራቷን ይዛ እየዘለለች መጣች። ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። እዚህ ሰካችው። ‹ያዘው፣ ያዘው፣ እንዲህ ዓይነት አይተህ ታውቃለህ?› ትላለች። ያዝኩት። እትዬ ዲንቄም ወተት ሊገዙ መጥተው ያዙት።»

«እየበራ?»

«እየበራ! ምንም አላደረገንም። ይኸው አለሁ።»

«ሥራዋ እንዴት ነበር?»

ሙህዲን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይንገሩብኝ እንጂ ሻማ የፈሰሰበት ነው የሚመስለው። ‹ማሻአላህ› ብዬ አለፍኩት። ምን ልበላት?»

ይህን ሮሪሳ ሲነግረኝ ለአንድ ሳምንት ከሙህዲን ሱቅ ሳሙና አልገዛሁም።

«መብራት ጠፍቶ በነበረበት ሰዓት የሰማኸው ነገር አለ?»

«ሰባት ሰዓት ገደማ የጋዝ ድምፅ። ሽሽሽ የሚለው። ግድግዳችን አንድ ነው። ዮዲ ናት ብዬ ዝም አልኩ።»

እኔን ጠየቀችኝ። መብራት ሲጠፋ ወጥቼ ባቡሩ ማቆሚያ ጋ ሰው ሳይ እንደዋልኩ ነገርኳት። ማን አየሽ አለችኝ። ሺ ሰው፤ ስም የማውቀው ግን አንድም የለም።

«ስለዚህ እንደ ሠራተኛ የወርክሾፑ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ፣ መበየድ ትችያለሽ፣ ሰውየውንም እሳት ይብላዎት ብለሻል።»

«እና ብያለሁ! ንፍጥ ሲሉኝ ጉንጫቸውን ልስም ነበር?»

«አትጩኺ። ከስምንቱ መጋጠሚያ ይልቅ ዘጠነኛዋ ለምን አማረች?»

«ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው!»

ሐጀራ ደብተሩን ከደነች። «ልጄ፣ በራስሽ ላይ በር እየዘጋሽ መሆኑ ይገባሻል?» አለች። አልገባኝም። ንዴቴ ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

ቀናው የመጨረሻው ነው። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በእርጋታ ተቀመጠ። ጥፍሮቹ እንኳ ንጹሕ ናቸው።

«መብራት ሲጠፋ ገላን ቤቴ ሄድኩ። ምሳ በልቼ ጋደም አልኩ። ስመለስ ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ።»

«ማን አየዎት?»

«ብቻዬን ነው የምኖረው።»

«ጥሩ ብየዳ እንዴት ይሠራል? ያስተምሩኝ እስኪ።»

የቀናው ፊት በራ። «መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ መወልወል ነው፤ ውጩንም ውስጡንም። ከዚያ ቅባት። ከዚያ የሚሞቀው ቱቦው ነው እንጂ ቀልጦ የሚያጣብቀው ሊድ አይደለም። እሳቱን በአንድ በኩል ይዘው ሊዱን በሌላ በኩል ሲነኩት ራሱ ተስቦ ይገባል። ዋናው መጨረሻው ነው። ሊዱ ገና ሲያብረቀርቅ በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ብቻ ዙሪያውን ይጠረጋል። ሁለት ጊዜ ከጠረጉት ይሻክራል። ካልጠረጉት ይንጠባጠባል።»

«ዮዲ ትጠርጋለች?»

«መቼ ታስታውሳለች! ሺ ጊዜ ነግሬያታለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሁላችንንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበችን። እትዬ ዲንቄ በጥቁር ልብስ ወንበር ላይ፣ ሙህዲን በሩ ጋ፣ ቀናው ጠረጴዛው አጠገብ፣ እኔ ከሮሪሳ ጎን። ጠረጴዛው ላይ ቁርጥራጭ ቱቦ፣ ጎሚቶ፣ የጋዝ ቶርች፣ ሊድ፣ እርጥብ ጨርቅ። መሐሉ ላይ የኔ መብራት ቆሟል።

«ይህ መብራት ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰው አይገድልም ነበር» ብላ ጀመረች ሐጀራ። «ሁለት ሰው እየበራ ይዞታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገደለ። ስለዚህ በመሐሉ አንድ ሰው ነካካው። ሽቦውን ስናየው ስምንቱ መጋጠሚያ ጋ ደህና ነው፤ ዘጠነኛዋ ጋ ብቻ በቢላ ተልጧል። ይህ ሰው ሽቦውን ስቦ አወጣና ላጠ፣ ዘጠነኛዋን በእሳት አሙቆ አላቀቀ፣ የተላጠው ቦታ መዳቡን እንዲነካ አጣሞ መልሶ በየደ፣ ከዚያ ሽቦውን አስገባ። መብራት ባይኖርም ጋዝ አለ። ሙህዲን ድምፁን ሰምቷል። አቶ ወልደሰንበትና ባለቤታቸው ያን ጊዜ በዕድሩ ሰው ሁሉ ፊት ቀብር ላይ ነበሩ። ስለዚህ እትዬ ዲንቄ አይደሉም፤ ሟቹም ራሳቸው አልጠገኑትም።»

ሙህዲን ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔስ?»

«ና ለኩሰው።»

ሙህዲን ቶርቹን ተቀብሎ ለኮሰ፤ ነበልባሉ ሲያጓራ «ያ አላህ!» ብሎ ለቀቀው። ሮሪሳ ከአየር ላይ ባይቀልበው ወርክሾፑ ይጋይ ነበር።

«ተቀመጥ። አንተም አይደለህም» አለች ሐጀራ። «ሁለት ሰው ቀረ።»

ቀናው አንገቱን ነቀነቀ። «ኢንስፔክተር፣ ልጅቷን ማሰቃየት ምን ያደርጋል? ተናዳ ነበር፤ ሠራችው። ልጅነት ነው።»

«ዘጠነኛዋ ግን የሷን እጅ አትመስልም።»

«አንድ ጊዜ ቀንቷት ይሆናላ።»

«አንድ ጊዜ?!» ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። «ሁሌ ነው የሚቀናኝ! ያቺን የመሰለ መቶ እበይዳለሁ! አምጡ!»

እትዬ ዲንቄ «ኧረ ዝም በይ፣ አንቺ ልጅ!» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሮሪሳ እጁን ወደ ካቴናው ሰደደ። ያኔ ነው የገባኝ። ዘጠነኛዋን የበየደ ነው ገዳዩ፤ እኔ ደግሞ እየጮህኩ የኔ ናት እላለሁ። ግን ብየዳዬን ለመካድ አፌ እንቢ አለ።

«በይጂ» አለች ሐጀራ።

ትንፋሼን ይዤ በየድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም። ወለወልኩ፣ ቅባት ቀባሁ፣ እሳቱን ያዝኩ። ሊዱ ቀለጠ፣ ፈሰሰ፣ ሦስት ቦታ ጠብ ሊል ተንጠለጠለና ደረቀ። እርጥቡ ጨርቅ ከጎኔ ነበር። ረሳሁት።

«እጄ ስለተንቀጠቀጠ ነው» አልኩ።

ሐጀራ ቱቦዬን ከመብራቱ ስምንት መጋጠሚያዎች ጎን አስቀመጠችው። መንትዮች ናቸው።

«ይህቺ ልጅ ለሕይወቷ ስትበይድ እንኳ እንዲህ ነው የምትበይደው» አለች። «ዘጠነኛዋ የሷ አይደለችም።»

ቀናው ፈገግ አለ። ፈገግታው እርጋታ ነበረው። «እሺ፣ የኔ ትመስላለች እንበል። ግን ያስቡት። በሷ ላይ ለማላከክ የምፈልግ ብሆን፣ እንደሷ አበላሽቼ አልተዋትም ነበር? ለምን የራሴን እጅ ትቼ እሄዳለሁ? ሞኝ ነኝ?»

ሮሪሳ ደብተሩን ዘጋ። ሙህዲን እንኳ «እውነቱን ነው» አለ።

«እኔም ሌሊቱን ይህንኑ ስጠይቅ ነው ያደርኩት» አለች ሐጀራ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። እስኪ አበላሽተው ይበይዱልኝ።»

«ምን?»

«እንደ ዮዲ። አንዲት መጋጠሚያ። ከዚያ ይሄዳሉ።»

ቀናው ሳቀ። ቱቦውን አነሣ። ጣቶቹ ወዲያው ብርጭቆ ወረቀቱን ያዙ።

«ሳይወለውሉ» አለች ሐጀራ።

ወረቀቱን ጣለ። ቅባቱን እንደነገሩ ለቀለቀ፣ እሳቱን አዞረ፣ ሊዱን እፍን አድርጎ ጫነበት። ሊዱ ቀልጦ በጎሚቶው ከንፈር ላይ አበጠ። አንድ ጠብታ ወደታች ረዘመች። ሁላችንም እሷን እናያለን። ቀናው እሳቱን አጠፋ። አሁን ዝም ብሎ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ጠብታዋ ረዘመች።

ግራ እጁ ሄደ። ማንም አላዘዘውም። እርጥቡን ጨርቅ አነሣ፣ አንድ ጊዜ ዙሪያውን ጠረገ፤ ቸስ አለ። ጨርቁ ሲነሣ እንደ ፀጉር የቀጠነች የብር ቀለበት ቀረች።

ቀናው እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው።

ሐጀራ ቱቦውን ከእጁ ተቀብላ ከዘጠነኛዋ መጋጠሚያ ጎን ያዘችው። እዚያም መንትዮች ናቸው።

«ሞኝ አይደለህም» አለች፤ አሁን «እርስዎ» ቀርቷል። «አበላሽተህ ልትተዋት አስበህ ነበር። አሁን ነጻ የሚያወጣህ አንድ ጠብታ ነበር፣ አሁንም አልቻልክም። ቀብር ላይ መሆናቸውን ታውቃለህ፣ መብራት ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃለህ፣ የማን መብራት እንደሚወቀስ ታውቃለህ። የማታውቀው የገዛ እጅህን ነው።»

«አሥራ አምስት ዓመት!» ብሎ ጮኸ ቀናው። ድምፁ ግድግዳውን መታው። «አሥራ አምስት ዓመት ይህ ወርክሾፕ የቆመው በዚህ እጅ ነው! እሳቸው ይወለውላሉ፣ እሳቸው ይቀረጻሉ! ከመብራቶቹ ሥር በትንሹ የጫርኳትን ምልክቴን ሳይቀር በወረቀት ፍቀው አጠፏት! አንተ እጅ ነህ ይሉኛል! እሺ፣ እጅ ከሆንኩ እጅ የሚሠራውን ይዩ!»

እትዬ ዲንቄ ተነሥተው ፊቱ ቆሙ። «ስም አጣሁ ብለህ ባሌን ገደልክ። ይኸው አሁን ስም አገኘህ» አሉት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡት።

እኔ ግን አላስቻለኝም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ አጠገቡ ቆሜ አሥራ አንድ ወር ተምሬያለሁ፤ ምሳውን ከፍሎ አብልቶኛል። «እኔን ምን አደረግኩህ?» አልኩት። «የኔን መብራት ለምን?»

ሮሪሳ ካቴናውን እያሰረለት ነበር። ቀናው አንገቱን አዞረ።

«ያንቺን ሥራ ያየ፣ ሰው ገደለ ቢሉት ያምናላ» አለኝ።

ይዘውት ወጡ። ከበሩ ውጭ የተሰበሰበው ያ ማክሰኞ ጣቱን የቀሰረብኝ ሰፈር ሁሉ፣ አሁን «እኛማ መጀመሪያውኑ ዮዲ እንዳልሆነች አውቀን ነበር» ይላል። ያቺ ስሜን የማታውቅ ሴትዮ ልታቅፈኝ መጣች። «ሂጂ ወደዚያ!» ብዬ ገፋኋት። አሁንም ባገኛት እገፋታለሁ።

ስመለስ ሐጀራ በሩ ላይ ተቀምጣ ንጹሕ ጫማዋን ወደ ፌስታል እየከተተች የላስቲኩን ታደርጋለች። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን ያው አፌ ነው።

«ለማንኛውም» አልኳት፣ የበየድኩትን ቁርጥራጭ ቱቦ አቅፌ፣ «ካሁን በኋላ በቃሊቲ በመዳብ ብየዳ አንደኛዋ እኔ ነኝ።»

ሐጀራ ተነሥታ ጭቃው ውስጥ ገባች። ዞራም አላየችኝ።

«ነሽ» አለች። «አንዱ ሞተ፣ አንዱ ታሰረ። ከማን ጋር ትወዳደሪያለሽ?»